ሳትገዛ ዱዓ የተደረገላት መኪና

መኪናዋን ሳልገዛ ዱዓ አስደረግሁላት። ጣጣው ሁሉ ከዚህ ይጀምራል።

እኛ አገር ሰው ትልቅ ነገር ሲያስብ ጎረቤቱን ጠርቶ ዱዓ ያስደርጋል። ልጅ ሊድር ሲል፣ ሩቅ መንገድ ሲወጣ፣ ቤት ሊያቆም ሲል። ሽማግሌዎች ይቀመጣሉ፣ ሐጃው፣ የልቡ ጉዳይ፣ ይነገራል፣ "ኸይር ከሆነ ያቅርበው፣ ሸር ከሆነ ያርቀው" ይባላል፣ ሁሉም "አሚን" ይላል፣ የቀረበው ይበላና ሰው ወደየቤቱ ይሄዳል። እኔም የፈለግሁት ይህንኑ ነበር። ልግዛ ወይስ ልተው እያልሁ ከራሴ ጋር ስሟገት ከርሜ ሲሰለቸኝ፣ እስቲ ለአላህ ልስጠው ብዬ ጠራኋቸው። ግን እንደኔ ዓረብ አገር በር ተቆልፎበት ብዙ የተቀመጠ ሰው አፉም አብሮ ይዘጋል መሰለኝ፣ ሸኹ "ሐጃሽ ምንድን ነው?" ሲሉኝ "መኪና ነው፣ ትንሽ የቤት መኪና" ብቻ አልሁ። ገና አልቆረጥሁም የሚለውን ሳልናገር ቀረሁ።

የመኪናዋ ሻጭ ደግሞ የዚያኑ ዕለት ላሳይሽ ብሎ ከደሴ ነድቶ አምጥቷት ደጄ ላይ ቆማለች። ነጭ ናት፣ ታብረቀርቃለች፣ የወንበሮቿ ላስቲክ እንኳ በቅጡ አልተነሣም። እንግዲህ ሽማግሌ ይህን አይቶ ምን ይበል? "ከክፉ ዓይን ይሰውራት፣ ጎማዋን በኸይር ያሽከርክረው፣ ከልጅሽ ጋር ወጥተሽ የምትገቢባት ያድርጋት" ብለው መረቁልኝ። ክርስቲያኖቹ ጎረቤቶቼም "አሜን" አሉ። እኔም እጄን ዘርግቼ "አሚን" አልሁ። ሸኹ ዱዓ ላይ ሆነው "ቆይ፣ ገና አልገዛኋትም" አይባል ነገር።

በማግስቱ ዳቦ ልገዛ ብወጣ፣ ሐይቅ ከተማ መኪናውን ገዝቶልኝ አድሯል። አንዱ ከሱቁ ብቅ ብሎ "መብሩክ!" ይለኛል፣ አንዷ "እንኳን ደስ ያለሽ፣ ምጤ ሲመጣ አንቺን ነው የምጠራው" ብላ ሆዷን ታሳየኛለች። የባጃጁ ሹፌር ደግሞ መኪናዋ በኤሌክትሪክ የምትሄድ መሆኗን ሰምቶ፣ "አብሽሪ እኅቴ፣ መብራት ሲጠፋ በገመድ እንጎትትሻለን" እያለ ይስቅብኛል። ዳቦውን ሳልገዛ ተመለስሁ።

ከሰዓት በኋላ የቅሬያችን ዳኛ መጡ። ቅሬ ሌላው አገር ዕድር የሚለው ነው፤ በእኛ ሰፈር እስላሙም ክርስቲያኑም የሚቀባበርበት። አዛውንቱ ዱላቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው፣ ሻጩ አስቢበት ብሎ ደጅ ትቷት የሄደውን መኪና ዞረው ዞረው አዩና ቅር አላቸው።

"ልጄ፣ መኪና ያለው አባል ሬሳ ከደሴ የማምጣት ግዴታ አለበት። ይህቺ ግን ለሬሳ ታጥራለች።"

"አባባ፣ ገና አልገዛኋትም እኮ።"

"ዱዓ አስደርገሽባት? እኔው ራሴ አሚን ብያለሁ። ላም ባልዋለበት ኩበት ልታስለቅሚን ነው?"

"ልግዛ ወይስ ልተው ብዬ ነው ያስጠራኋችሁ።"

"እንዲያ ከሆነ ሐጃሽን አሳጥረሽ ተናግረሻል" አሉ። ቆጣ ብለው ነበር፣ ግን ወዲያው ትክዝ አሉና "ለታማሚ ትሆናለች። ታማሚ እግሩን ያጥፋል" ብለው ወጡ። እኔ ሳቅሁ። ጥርሴ ነው የሳቀው፤ ሆዴ ሌላ ነገር ይዟል።

ሆዴ የያዘው ልጄን ነው። ጡት ባስጣልኋት በወሩ ለታላቅ እኅቴ ሰጥቻት ነው ጂዳ የሄድሁት። አባቷ ፈትቶኝ ሄዷል፣ እርሻ የለን፣ ቤት የለን። እኅቴ የምትኖረው አምባሰል፣ ውጫሌ ነው፤ መንገዱ ሰላም ሲሆን ከሐይቅ በሚኒባስ ሩቅ አይደለም። እኔ የሰው ልጆች ሳሳድግ እሷ የኔን አሳደገችልኝ። ስመለስ ልጄን አገኛለሁ ብዬ ነበር። ያገኘሁት ግን ቁመቷ የበለጠኝ፣ ጨዋ፣ ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ ከወንበሩ ጫፍ ላይ የምትቀመጥ እንግዳ ነው። እኅቴን "እማ" ትላታለች። ይህ ያለ ነው፤ ያሳደገች እናት ናት። እኔን ግን "እታለም" ትለኛለች፣ ታላቅ እኅት እንደሚባለው፤ ያውም በአንቱታ። ከእማዋ ጋር ትቀላለዳለች፣ "ሂጂ ደሞ አንቺ!" ብላ ትገፈትራታለች። እኔ ጋ ስትደርስ "ደኅና ከረሙ?" ብላ እጄን ትስማለች። ወልጄ አንቱ ተባልሁ።

ሐይቅ ላይ ቤት ሠርቻለሁ፣ አልሐምዱሊላህ። ለእሷም ክፍል አበጅቼላታለሁ፣ መጋረጃውን ከጂዳ ተሸክሜ ነው ያመጣሁት። ለዓረፋ ትመጣና ትንሽ ቆይታ "እማ ብቻዋን ናት" ብላ ትሄዳለች። ስትሄድ አልጋውን እንዲህ አድርጋ አንጥፋው ነው፣ ሰው የተኛበት አይመስልም። እኔ አንሶላውን አላጥበውም፤ ይህን እንኳ ለእኅቴ አልነገርኋትም።

አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ተፈትና አላለፈችም። አብረዋት የተፈተኑትም አላለፉም፤ አሁን ይህ ወሬ እንኳ አይሆንም። ጓደኞቿ አንድ በአንድ ፓስፖርት እያወጡ ሄዱ፣ ያልሄደችውም ልትሄድ ነው። ውጫሌ ፎቶ ቤት ብትገቡ፣ ከነጭ መጋረጃ ፊት ጥቁር ሻርፕ ለብሳ ትንፋሿን ይዛ የተቀመጠች ልጅ አታጡም። አንድ ያላት እንቅልፍ የላት ይባል የለ? እኔን ነው።

አንድ ቀን ሞኝነት ያዘኝና "ምን ባደርግልሽ ደስ ይልሻል?" አልኋት። ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ ብዙ አሰበች። ከዚያ "መኪና መንዳት ብችል ደስ ይለኝ ነበር" አለች። ምናልባት ዝም እንዳይባል ያለችው ነው። እኔ ግን ያችን ቃል ይዤ ሄድሁ። መኪና እገዛለሁ፣ መንጃ ፈቃድ ታወጣለች፣ እኔ ዘንድ ትኖራለች፣ እሷ ትነዳለች እኔ ጋቢና እቀመጣለሁ፣ ደሴ እንሄዳለን፣ እማዋን ስትናፍቅ ነድታ ትሄዳለች፣ ነድታ ትመለሳለች። ዓረብ አገር የሚባለው ነገር ከልቧ ይወጣል። ይህን ሁሉ ራሴው ተናግሬ ራሴው አመንሁ።

እኅቴን በስልክ ሳማክራት "መኪና ልጅ አያስርም" አለችኝ።

"መኪናው አይደለም የሚያስራት፣ እኔ ነኝ።"

"ደሞ መንገድ ሲዘጋ መኪናሽም ከሚኒባሱ ጋር ይቆማል። ክንፍ አላት?"

ተናደድሁ። "አንቺ ምን ቸገረሽ፣ ልጅቱ እጅሽ ላይ ናት!" አልኋት።

ቀስ ብላ "እጄ ላይ አይደለችም፤ ከወጣች ቆየች" አለችኝ። ልጅ ሲያድግ የሚባል ነገር ነው ብዬ አልፌው ሄድሁ። ወላሂ፣ ምን ማለቷ እንደሆነ አልጠየቅኋትም።

ጤነኛ ሰው መኪናዋን የማይገዛበት ምክንያት ሞልቷል። ቤንዚን የምትጠጣውን መኪና አላስብም፤ ማደያ በር ላይ ተሰልፎ የሚያረጀውን ሰው በየቀኑ አያለሁ። ይህቺ ደግሞ መብራት ትፈልጋለች። መብራት እኛ ዘንድ እንደ ሀብታም ዘመድ ነው፤ ሲፈልግ ይመጣል፣ ሲፈልግ ይጠፋል፣ የት ነበርህ አይባልም። የሰፈራችን ሜካኒክ ኮፈኗን ከፍቶ ብዙ ካየ በኋላ "እኅቴ፣ ይሄ ስልክ ነው፤ እኔ የማውቀው መኪና ነው" ብሎ ዘጋት። ብትበላሽ አዲስ አበባ ነው የምትሄደው፤ አዲስ አበባ ለመሄድ ደግሞ አለመበላሸት አለባት። ሻጩንም "አዲስ መኪና፣ ገና ሳትነዳት ለምን ትሸጣለህ?" ብዬ ብጠይቀው፣ "ልወጣ ነው እኅቴ" አለኝ። ወዴት ብዬ አልጠየቅሁትም። ዘንድሮ የማይወጣ ሰው የለም።

የምገዛበት ምክንያት አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም ውጫሌ ተቀምጧል።

ሻጩ "ሌላ ገዢ መጥቶብኛል፣ ቁረጪ" ሲለኝ፣ "መጀመሪያ ልጄ ትያት" አልሁት። እሱ እየነዳ ቅዳሜ ጠዋት ሄድን። መንገዱ ክፍት ነበር። መኪናዋ ድምፅ የላትም፤ መንገድ ዳር ያሉ ፍየሎች አጠገባቸው እስክንደርስ ቀና አይሉም። ውጫሌ ስንደርስ እኅቴና ልጄ ተዘጋጅተው በር ላይ ቆመው አገኘናቸው። "ጋቢና ግቢ" ብዬ ለልጄ ልለቅላት ስነሣ፣ "አይሆንም እታለም፣ ትልቅ ሰው ነዎት" ብላ ከእማዋ ጋር ኋላ ገባች።

ወደ ሐይቅ ስንመለስ እኔ ፊት ተቀምጬ፣ ከኋላዬ ሹክሹክታና ሳቅ እሰማለሁ። እኅቴ የመስኮቱን ቁልፍ ነክታ መስኮቱ በራሱ ሲወርድባት ደንግጣ ነው። አንገቴን አዙሬ "ምንድን ነው?" ስላቸው ሳቁን ቆረጡት። ሻጩ የአምባሰል ዜማ ከፈተ፤ የአምባሰል ተራራ በመስኮቱ እያለፈ አምባሰል ሲዘፈን ደስ ይላቸዋል ብሎ መሆን አለበት። እኅቴ "ዝጋው ልጄ፣ አሁን ለቅሶ ምን ያደርግልናል" አለችው። ዘጋው።

ቤት ሳንገባ ወደ ሐይቁ ዳር ወረድን። ዓሣ አጥማጆቹ ጀልባቸውን ስበው ካወጡበት አለፍ ብሎ፣ ከብት የሚግጥበት ሜዳ አለ። ሻጩ ብልህ ነው፣ ገዢዋ ማን እንደሆነች ገብቶታል። ወረደና መሪውን ለልጄ ለቀቀላት። "ይሄ ፍሬን ነው፣ ይሄ መሄጃው ነው፣ ሌላ ነገር የላትም" አላት። እኔና እኅቴ ወርደን ሣሩ ላይ ቆምን።

መጀመሪያ መኪናዋ ዘለል ብላ ቆመች። ከዚያ ሄደች። ከዚያ አንዲት ላም መንገድ አልለቅ ብላት ልጄ በመስኮት አንገቷን አውጥታ "ሂጂ እንጂ አንቺ!" ብላ ጮኸችባት፣ ራሷም ሳቀች። ሻርፗ ወደ ኋላ ተንሸራቶ ፀጉሯ ወጥቷል፣ ግድ አልሰጣትም። ዙሪያውን ዞራ ስትመጣ "እማ፣ እዪኝ!" አለች። እኅቴ እጇን አነሣችላት። በሁለተኛው ዙር አጠገቤ ስትደርስ "እታለም፣ አዩኝ?" አለችኝ።

"አየሁሽ!" አልሁ። ድምፄ ሜዳውን ሞላው፣ አጥማጆቹ ዞር ብለው አዩኝ። ደስ አለኝ። እንዲያ ደስ ያለኝ ጊዜ ትዝ አይለኝም። የመብራቱም ነገር፣ የመንገዱም ነገር፣ የሜካኒኩም ነገር ከራሴ ወጣ። ልቤ ቆረጠ። ስታቆም በመስኮቱ ጎንበስ ብዬ "ያንቺ ናት" አልኋት።

እጆቿን ከመሪው ላይ አነሣች። እኔን አላየችኝም፣ እኅቴን ነው ያየችው። እኅቴ ፊቷን ወደ ውኃው አዞረች።

"እታለም፣ ቪዛዬ ወጥቷል" አለች ልጄ።

ሰምቻለሁ፤ ግን "ምን?" አልሁ።

"ሥልጠናውን ጨርሻለሁ። አሻራም ሰጥቻለሁ። ቲኬቱ ብቻ ነው የቀረው።"

"የት ነው?"

"ጂዳ።"

እኅቴ ላይ ዞርሁ። "አንቺ ታውቂያለሽ?" አልኋት። "ራሴ እነግራታለሁ ብላ አስማለችኝ" አለች፤ እንባዋ ወርዷል። ልመታት ነበር የመሰለኝ። እጄ ግን አልተነሣም። ከዚያ ለልጄ ያልነገርኋት ነገር የለም። በሩ ከውጭ እንደሚቆለፍ፣ ስልክ እንደሚወሰድ፣ አንዳንዱ ቤት ሰው እንደሚተኛ መተኛት እንኳ እንደማይቻል፣ ታምሜ ብቻዬን ስንት ጊዜ እንዳለቀስሁ። በስልክ "ደኅና ነኝ" ስላት የነበረውን ሁሉ ውሸት ነው አልኋት። መሪው ላይ አፍጥጣ በጨዋ ደንብ ሰማችኝ። አላቋረጠችኝም።

"አውቃለሁ" አለች ስጨርስ። "አንቱም ሄደው የለ? ሄደው ቤት ሠሩ፣ ደኅና ተመለሱ። እኔም እንዲሁ ነው። የእማ ቤት ክረምት በመጣ ቁጥር ያፈሳል፣ ጣሪያው አልቋል። ቤት ልሠራላት ነው።"

መተንፈሻ ያገኘሁ መሰለኝ። "ለዚህ ነው? እኔ እሠራላታለሁ!" አልኋት። "ይህን መኪና ትቼ ነገ ቆርቆሮ አወርዳለሁ። ያሳደገችልኝ እኅቴ ናት፣ ለእሷ ያልሆነ ገንዘብ ምን ያደርግልኛል? አንቺ ብቻ ቅሪ።"

ራሷን ነቀነቀች። ቁጣ የለባት፣ ክፋት የለባት። ለእንግዳ ሰው መንገድ እንደሚያስረዳ ሰው ነበር የተናገረችው።

"አይሆንም እታለም። እኔ ነኝ ልጇ።"

እውነቷን ነው። በውጫሌ ሰው ፊት፣ በአላህም ፊት እውነቷን ነው። እኅቴ "ተይ አንቺ ልጅ" አለች፣ ግን ማንም አልሰማትም። ቆሜ ሐይቁን አየሁ። ከማዶ የእስጢፋኖስ ገዳም ዛፎች ይታያሉ፣ አንድ አጥማጅ መረቡን እየሳበ ነበር። ዕለቱ ያው ቅዳሜ ነበር።

ሻጩ ከሩቅ ቆሞ ሲጠብቅ ሰለቸው መሰለኝ፣ እጁን እያፋተገ መጣ።

"እንዴት ነው እኅቴ? መብሩክ ልበል?"

"ለዚያኛው ሰው ስጠው" አልሁት።

"ኧረ ዱዓም ተደርጎላት…"

"ስጠው አልሁህ።"

ፊቴን አይቶ ተወኝ። ወደ አጥማጆቹ ሄዶ የዓሣ ዋጋ መጠየቅ ጀመረ። እኅቴ ሣሩ ላይ ተቀመጠች። እኔም አጠገቧ ልቀመጥ ስል፣ ልጄ ከመኪናው ወርዳ ወደ እኔ መጣች። ሻርፗን መልሳ በደንብ ጠምጥማለች። አንድ ነገር ልትጠይቅ ፈልጋ እንደምታፍር ያስታውቃል።

"እታለም፣ የምገባበት ቤት ልጆች አሉት" አለች። "ሦስት ናቸው፣ አንዱ ገና ሕፃን ነው። ትምህርት ቤት ሲሄዱ ሹፌሩ ነው የሚያደርሳቸው፤ እኔ ኋላ ሆኜ ሕፃኑን መያዝ አለብኝ ብለውኛል። ወንበር አለው አሉ፣ መኪናው ላይ የሚታሰር። ሥልጠናው ላይ በሥዕል ብቻ ነው ያሳዩን። ብሳሳት እፈራለሁ።"

"እኔ ነኝ ጂዳ ሳስር የኖርሁት" አልኋት።

"ለዚያ ነው አንቱን የምጠይቀዎት።"

የኋላውን በር ከፈትሁት። ተንበርክኬ ገባሁና ላስቲኩን ወደ ላይ ገፋሁት። እሷም በሌላው በር ገብታ አጠገቤ ተንበረከከች። ጡት ካስጣልኋት ወዲህ እንዲህ ቀርባኝ አታውቅም፤ ጉንጯ ጉንጬን ይነካል፣ ትንፋሿ ይሰማኛል። እጇን ያዝሁና መቀመጫውና መደገፊያው በሚገናኙበት ስንጥቅ ውስጥ አስገባሁት።

"ግፊው፣ አትፍሪ። ብረት ነካሽ?"

"ነካሁ።"

"እሱ ነው ማሰሪያው። በዚያም በኩል አለ። የሕፃኑን ወንበር እግር እዚህ ታስገቢና ትገፊዋለሽ፣ ቀጭ ይላል። ቀጭ ካላለ እንዳታምኚው። በሁለቱም በኩል ቀጭ ማለቱን ሳትሰሚ መኪናው እንዲነሣ አትፍቀጂ፤ ማዳሟ ብትጮኽብሽም ትጩኽ።"

"እሺ።"

"ከዚያ በወንበሩ ቀበቶ ሕፃኑን ታስሪዋለሽ። በቀበቶውና በደረቱ መካከል ሁለት ጣትሽ ብቻ መግባት አለበት፣ ከዚያ በላይ ከላላ ይወድቃል። ያለቅሳል፣ ዝም ብለሽ እጅሽን ስጪው። እጅ ከያዘ ይተኛል።"

እጇን ከስንጥቁ አውጥታ ጣቶቿን አየቻቸው። መልሳ አስገባች፣ ብረቱን ፈለገች፣ አጣችው።

"እስቲ እንደገና ያሳዩኝ" አለች።

እጇን ያዝሁና እንደገና አሳየኋት።